ደም የማይቀዳበት ቀጠሮ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የ76 ዓመቷ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተዋል። ልጃቸው ከሥራ ቦታዋ ደውላ «እማዬ፣ ነገ የዓመት ቼክአፕ አለሽ» ስላለቻቸው፣ ደም ሊወሰድ ነው ብለው ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጡም። ነርሷ መዘነቻቸው፣ ቁመታቸውን ለካች፣ ደም ግፊታቸውን አየች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ትጠይቅ ጀመር። ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ሻወር ቤት ውስጥ የሚይዙት ብረት አለ? ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ? ሽንት ያመልጥዎታል? አማርኛው የሚመጣው ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ነው፤ የት እንደተቀመጠ የማይታወቅ የአንድ ወጣት አስተርጓሚ ድምፅ ነው።

እናት ጥቂት ታገሡና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ደሙን የሚወስዱት መቼ ነው?» አሉ።

«ዛሬ ደም አይወሰድም ትላለች፣ እናቴ።»

«ሐኪሙስ? በማዳመጫው አያዳምጠኝም?»

«ዛሬ ጥያቄ ብቻ ነው ትላለች።»

«እንግዲያው ምን ብለው ጠሩኝ?»

አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ አሜሪካውያን አረጋውያንም በዚሁ ቀጠሮ ግራ ይጋባሉና የእናት ጥያቄ የእንግዳ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። መልሱ ያለው በሜዲኬር ሕግ ታሪክ ውስጥ ነው።

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ የተሠራው ለታመመ ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ጁላይ 30 ቀን 1965 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ በተባለችው ከተማ፣ በሃሪ ትሩማን ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የመጀመሪያውም ካርድ ለትሩማን ተሰጠ። ያ ሕግ ሳይታመሙ የሚደረግን መደበኛ ምርመራ በግልጽ ከሽፋኑ አውጥቶታል። 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ አዲስ ገቢዎች በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ የሚያገኙት የ«እንኳን ደህና መጡ» ቀጠሮ ተጨመረ። በየዓመቱ የሚደረገው የመጣው ደግሞ ኦባማ በ2010 በፈረሙት የጤና ሕግ ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ ታካሚው ከኪሱ ምንም ሳያወጣ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀርብበታል። ስሙን ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች እንዳለ «ዌልነስ ቪዚት» ይሉታል።

ሕጉ በዚህ ቀጠሮ መደረግ ያለበትን ዘርዝሯል። ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ የጤና ስጋት መጠይቅ ይሞላል። የበፊት ሕመሞች፣ የቤተሰብ በሽታዎች፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የሚከታተሉ ሐኪሞች ይመዘገባሉ። ክብደትና ደም ግፊት ይለካል። የመርሳት ምልክት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የመውደቅ አደጋ፣ ሕመም ማስታገሻ አደንዛዥ መድኃኒትና መጠጥ ይታያል። መጨረሻ ላይ ለሚቀጥሉት ከ5 እስከ 10 ዓመታት የትኛው ክትባትና የትኛው ምርመራ መቼ እንደሚደረግ የሚያሳይ ጽሑፍ በእጅ ይሰጣል። ልብ ማዳመጥ የለም። ሆድ መጫን የለም። ሐኪሙ ራሱ መገኘቱም ግድ አይደለም፤ በእሱ ቁጥጥር ሥር ነርስ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል።

ነጻ ነው ሲባል ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚገባበት ስለሆነ አሁኑኑ ልናገረው። በዚያው ቀጠሮ ላይ «ጉልበቴን እያመመኝ ነው» ብለው ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ መድኃኒት ካዘዘ፣ ያ ሌላ ሕክምና ሆኖ ለብቻው ይመዘገባል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የ20 በመቶ ድርሻ የሚጠይቅ ቢል ፖስታ ቤቱ ያመጣል። ልጅ ይቆጣል፣ ክሊኒክ ይደወላል፣ እናት «ምነው ባልተናገርሁ» ብለው ይጸጸታሉ። ጉልበቱን መናገር ነውር የለውም። ነገር ግን «ይህ ለብቻው ይከፈልበታል ወይ?» ብሎ እዚያው መጠየቅ ይሻላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬይድም ላላቸው ይህ ጭንቀት በአብዛኛው አይመጣም።

ቀጠሮውን ለማግኘት በመጀመሪያ ሜዲኬር መኖር አለበት። በልጆቻቸው አማካይነት የመጡና እዚህ አገር ያልሠሩ ወላጆች ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ እየከፈሉ መግባት ይችላሉ፤ የሐኪም ወጪን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል መዋጮ በ2026 በወር 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ይህ ክፍል ከተጀመረ አንድ ዓመት ሲያልፍ ዓመታዊው ቀጠሮ ይከፈታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጓ እናት እንመለስ። ነርሷ ሦስት ቃላት ነገረቻቸውና በኋላ እንደምትጠይቃቸው አስጠነቀቀች። ከዚያ ክብ የታተመበት ወረቀት ሰጠቻቸው። የሰዓት ቁጥሮቹን ጽፈው፣ ዘንጎቹን አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ እንዲያደርጉ አስተርጓሚው ነገራቸው።

እናት እርሳሱን እንደ መርፌ አጥብቀው ያዙ። በመጀመሪያ 12ን ከላይ፣ 6ን ከታች አስቀመጡ፤ ከዚያ 3ንና 9ን፤ ከዚያ በመካከል ያሉትን ሞሉ። ቁጥሮቹ እኩል ተራርቀዋል። አጭሩን ዘንግ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አድርገው ወረቀቱን መለሱ። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን አስታወሱ።

ነርሷ ለሰዓቱ ዜሮ ሰጠች።

ይህ ሚኒ ኮግ የሚባለው አጭር ፈተና ነው፤ ሱ ቦርሰን የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2000 ያወጡት ሲሆን ሙሉ ነጥቡ አምስት ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ፣ ለሰዓቱ ሁለት ወይም ዜሮ። ከሦስት በታች ያገኘ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። እናት ሁለት አገኙ።

አማርኛ የሚያነብ ሰው የሆነውን ወዲያው ያያል። በአገራችን አሥራ አንድ ሰዓት ማለት አጭሩ ዘንግ 5 ላይ ሲያርፍ ነው። ጎንደር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ኖሮ፣ የግድግዳ ሰዓት እያየ ስድሳ ዓመት ያሳለፈ ሰው ሌላ ምን ይሣል? እንዲያውም በአንድ አገር ሰዓት ተነግሮት በሌላ አገር ሰዓት ላይ ያዋለ ጭንቅላት ከፈተናው የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። አስተርጓሚው «አምስት ሰዓት ከአሥር» ብሎ ቢሆን፣ ወይም «በፈረንጅ አቆጣጠር» የምትለዋን ጨምሮ ቢሆን፣ ነጥባቸው አራት ይሆን ነበር።

ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው ብለው የሚጠይቁ ፈተናዎችም ያው ጣጣ አለባቸው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው የረሳ ይመስላል፤ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ያላየ ሐኪም ይህን ከየት ያመጣዋል? ትምህርት ቤት ያልገቡ አረጋውያን ደግሞ ሰዓት ከመሣል ይልቅ እርሳስ መያዙ ይከብዳቸዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው በአውስትራሊያ ሲድኒ የተዘጋጀና በ2004 የወጣ ሩዳስ የሚባል ፈተና አለ፤ ቋንቋና ትምህርት ብዙም እንዳይጫኑት ታስቦ የተሠራ ነው። ሜዲኬር የትኛውንም ፈተና አስገድዶ አያዝም። ስለዚህ ቤተሰብ «ሌላ ዓይነት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መጠየቅም አለበት።

ይህን የምለው የመርሳት በሽታ በእኛ ቤት አይገባም ለማለት አይደለም። ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም «እርጅና ነው» ተብሎ ይሸፈናል። ሁለት ስህተት አለ፦ ጤነኛውን በሰዓት ስሌት ታማሚ ማድረግ፣ ታማሚውን በይሉኝታ ጤነኛ ማድረግ። ሁለተኛው ይበዛል።

እግዚአብሔር ይመስገን

በዚህ ቀጠሮ ሐኪሙ የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ነው። ደምም ራጅም የለም፤ ያለው አንደበት ነው። የእኛ አረጋውያን አንደበት ደግሞ ለጤና ጥያቄ አንድ መልስ ተዘጋጅቶለታል። እንቅልፍ እንዴት ነው? እግዚአብሔር ይመስገን። ምግብስ? ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ። ሐዘን፣ ጭንቀት? እሱ የሰጠኝን ችዬ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰውየው አልዋሸም። ሰላምታ ነው የመለሰው። ነርሷ ግን «የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ ታልፋለች።

ልጅ ሲያስተረጉም ነገሩ ይብሳል። ነርሷ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለነገሮች ፍላጎት አጥተው ያውቃሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅቷ ወደ እናቷ ሳትዞር «ኖ፣ ሺ ኢዝ ፋይን» ትላለች። እናት ወለሉን ያያሉ። ልጅቷ ክፉ አስባ አይደለም፤ ከሥራ ፈቃድ የወሰደችው ለሁለት ሰዓት ነው፣ እናቷም ደስተኛ እንደሆኑ ታምናለች። እናት ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ሻወር ቤት ውስጥ መውደቃቸውን ለልጃቸው አልተናገሩም። ከተናገሩ ብቻቸውን አውቶቡስ ይዘው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቀርባቸዋላ። እህታቸው አገር ቤት አርፋ መቅበር ሳይችሉ ከቀሩ ወዲህ ሌሊት እንደማይተኙም አልተናገሩም። ይህን ሁሉ ለማያውቁት የስልክ ድምፅ ሊነግሩት ይችላሉ። ለልጃቸው አይነግሯትም።

ከ65 ዓመት በላይ ከሆናቸው አሜሪካውያን ከአራቱ ከአንድ የሚበልጠው በየዓመቱ ይወድቃል። ከሚወድቁት ለሐኪማቸው የሚናገሩት ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው ሳይሆን ተከባብረው የሚደብቁት ነገር ዳሌ ሊሰብር የሚችል ነገር ነው። ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ ይባላል። ይህን ማንም አያስተረጉመውም፤ ሰከንድ ቆጣሪው ይናገራል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቀድም፤ አዋቂ ልጅም ቢሆን ታካሚው ራሱ ካልመረጠ ተገቢ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛም በከተማዋ ሰነዶች ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጅ ትምጣ፣ ትቀመጥ፣ ቀጠሮ ትመዝግብ። ጥያቄዎቹ ሲጀመሩ ግን አሥር ደቂቃ ውጭ ብትጠብቅ ከሁሉም ምርመራ የሚበልጥ ነገር ይገኛል።

መጠይቁ ራሱም የእኛን ኑሮ ሁልጊዜ አያውቀውም። የ80 ዓመት አባት «ምግብ ራስዎ ያበስላሉ?» ሲባሉ «ኧረ የለም!» ይላሉ፤ ቅጹ አቅም እንዳነሳቸው ይመዘግባል። ሰውየው በ20 ዓመታቸውም ምድጃ ነክተው አያውቁም። «የቤት ሂሳብ ራስዎ ይከፍላሉ?» «ልጄ ናት።» ይህም የአእምሮ መድከም ሳይሆን የእንግሊዝኛና የኮምፒውተር ጉዳይ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ድሮ ይሠሩት የነበረና አሁን ያቃተዎት ነገር አለ?» የሚለው ነው፤ ጎበዝ ነርስ ይህን ከልምዷ ትጠይቃለች።

ፌስታሉ

የቀጠሮው ትልቁ ሀብት፣ እንደ እኔ ግምት፣ መድኃኒት መቁጠሩ ነው። ክሊኒኮች «የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ይላሉ። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው፦ የፋርማሲው ጠርሙስ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው፣ ጎረቤት ያካፈለችው ማስታገሻ፣ ቫይታሚኑ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ዳማከሴውና ፌጦው።

አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ሲገለብጡ ከወጡት መካከል አምሎዲፒን ሁለት ጊዜ ነበር። አንዱ የአሜሪካ ፋርማሲ ብርቱካናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ 5 ሚሊግራም። ሁለተኛው አገር ቤት ሲሄዱ የተገዛ፣ በፋብሪካ ስሙ የተጻፈ ቅጠል፣ 10 ሚሊግራም። እናት ሁለት የተለያዩ የግፊት መድኃኒቶች መስለዋቸው ሁለቱንም ይውጣሉ። አምሎዲፒን ሲበዛ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እግራቸው አበጠ፤ ይህን ያላወቀ ሌላ ሐኪም ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን፣ ፉሮሴማይድ፣ አዘዘ። ኪኒኑን ማታ ማታ ስለሚወስዱት ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ። አንድ ሌሊት በጨለማ ኮሪደር ወደቁ። ከውድቀቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢቆጠር መነሻው አንድ የኪኒን ቅጠል ነው። መፍትሔውም መድኃኒት መጨመር ሳይሆን ሁለት መቀነስ ሆነ።

የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በየጊዜው የሚያሻሽለው፣ የቢርስ መስፈርት የሚባል፣ ለሸመገለ ሰው የማይመቹ መድኃኒቶች ዝርዝር አለ፤ መነሻውን በ1991 ያወጡት ማርክ ቢርስ ናቸው፣ በ2023ም ታድሷል። አገር ቤት የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ የሚያውቀው ግሊቤንክላማይድ እዚያ ውስጥ በክፉ ተነሥቷል፤ የስኳርን መጠን አውርዶ ለረጅም ሰዓት ያስቀራልና። አሁን ይህን ኪኒን ጠዋት ውጠው በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት አስቡ፤ ወይም በረመዳን ስሑር ላይ የሚወስዱ አባት። ሐኪሙ ስለ ጾም አይጠይቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም፤ «አትጹሙ» እንዳይባሉ ይፈራሉ። ቢነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ይለወጣል ወይም ኪኒኑ ይቀየራል፤ ጾሙም ላይፈርስ ይችላል።

ክትባቱን በአጭሩ፦ የጉንፋን በየዓመቱ፤ የሳንባ ምች፤ አልማዝ ባለጭራን የሚከላከለው በሁለት ዙር፤ 75 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ አርኤስቪ የተባለውን የመተንፈሻ ቫይረስ የሚከላከለው። ከ2023 ጀምሮ የሜዲኬር መድኃኒት ሽፋን ያለው ሰው የአልማዝ ባለጭራውንም በነጻ ያገኛል። ሄፓታይተስ ቢ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ እዚያ የተወለደ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የደም ምርመራ እንዲያደርግ ይመከራል፤ ይህን የመጠየቂያው ቦታ ይኸው ቀጠሮ ነው።

አባባ፣ አይናገሩ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሰባተኛ ፎቅ። የ81 ዓመቱ አባት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ታብሌት ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎላቸዋል። በስክሪኑ ያለችው ነርስ አበሻ ናት፤ ስለዚህ ሰላምታው ብቻ ሰባት ደቂቃ ወሰደ። የክንድ ደም ግፊት መለኪያ አላቸው፣ ለኩ፣ 158 ሆነ።

«አባባ፣ ቡና መቼ ጠጡ?»

«አሁን ነው፣ ሲስተር። ቶናው ላይ ነን።»

ነርሷ ሳቀች። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት እንዳለበት ነገረቻቸውና ሌሎቹን ጥያቄዎች አስቀደመች። በኋላ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው፣ ክንዳቸውን በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም እንዲሉ አደረገች። ዝም ማለቱ ነው የከበደው። መሣሪያው ሲነፋ «የልጅ ልጄ ኮሌጅ ገባልሽ» አሉ። «አባባ፣ አይናገሩ!» እንደገና ተለካ። 136።

በርቀት የሚደረገው ቀጠሮ የኮቪድ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዓመታዊው ቀጠሮ ከ2015 ጀምሮ በቴሌሄልዝ ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም፣ ታካሚው ገጠር መኖርና በጤና ተቋም ተገኝቶ ማውራት ነበረበት። በ2020 ይህ ተነሣ፤ ከቤት፣ ቪዲዮ ለሌለውም በተራ ስልክ ተፈቀደ። ፈቃዱ ቋሚ ስላልሆነ ኮንግረስ እየደጋገመ ሲያራዝመው ቆይቷል፤ በ2025 መጸው የፌዴራል መንግሥት ሲዘጋ ተቋርጦ ኖቬምበር ላይ ተመልሷል። ቀጠሮ ከመያዝ በፊት «ኢንሹራንሴ ዛሬ በስልክ ይቀበላል?» ብሎ ክሊኒኩን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የ«እንኳን ደህና መጡ»ው ቀጠሮ ግን በአካል ብቻ ነው።

አሌክሳንድሪያ ላይ ርቀቱ ጠቀመ። ነርሷ ታብሌቱን አንሥተው ቤቱን እንዲያዞሯት ለመነቻቸው። የሻወር ቤቱ በር ላይ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ አየች። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሏል። መድኃኒቱ ፀሐይ የሚያገኘው የወጥ ቤት መስኮት ላይ ተደርድሯል። ክሊኒክ ቢመጡ ኖሮ «ቤትዎ ምንጣፍ አለ?» ስትላቸው «አለ፣ ቆንጆ ምንጣፍ ነው» ብለው ያልፉ ነበር። እግራቸውን ስትጠይቅ ግን ነገሩ ተበላሸ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው የእግራቸውን መዳፍ ወደ ካሜራው ለማሳየት ሲሞክሩ ሊወድቁ ነበር፤ ምስሉም ብዥ ብሎ የሚታየው ካልሲው ብቻ ነው። የሦስት ሜትሩን መራመድ ነርሷ ጭራሽ አልጠየቀችም፤ ቢንገዳገዱ የሚደግፍ ሰው የለም፤ ባለቤታቸውም ምርኩዝ ይዘው ነው የሚሄዱት።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ የመጀመሪያው ዓመትና ከውድቀት ወይም ከሆስፒታል በኋላ ያለው ቀጠሮ በአካል ቢሆን፣ ሌላው በቪዲዮ ቢፈራረቅ ይሻላል። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ በስልክ ባይሞክረው ይመረጣል፤ ያልሰማውን ጥያቄ «አዎ» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላ ዓይነት ጎብኚም አለ፤ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጡት የሜዲኬር አድቫንቴጅ ኢንሹራንሶች ቤት ድረስ የሚልኳት ነርስ። የስጦታ ካርድ ይሰጣል፣ ቡና ይፈላላታል፣ ጠይቃ ጽፋ ትሄዳለች። ኢንሹራንሱ ከመንግሥት የሚያገኘው ክፍያ አባሉ ላይ በተመዘገቡት በሽታዎች ልክ ስለሚጨምር፣ ጉብኝቱ ሁሉ ለታካሚው ተብሎ ብቻ አይደለም። የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በኦክቶበር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በጤና ስጋት መጠይቆችና በእነሱ ላይ በተመሠረተ የመዝገብ ክለሳ ብቻ ታይተው ሌላ ሕክምና ያልተገኘባቸው በሽታዎች ለ2023 ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ክፍያ እንዳስገኙ ገምቷል። ነርሷን በር ላይ መመለስ አያስፈልግም። የጻፈችው ቅጂ ለራሳቸው ሐኪም እንዲደርስ ማድረግ ግን ያስፈልጋል፤ ካልደረሰ የተጠቀመው ኢንሹራንሱ ብቻ ነው።

ቀጠሮው ዕድሜ ያረዝማል ወይ? በ2019 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችንና ከ250,000 በላይ ሰዎችን አይቶ አጠቃላይ የጤና ምርመራ ሞት እንደማይቀንስ ደምድሟል፤ ነገር ግን አረጋውያንን ብቻ የተመለከቱ ጥናቶችን አላካተተም። ምልክት በሌለው ሽማግሌ ላይ መርሳትን ስለመፈተሽም የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2020 «ማስረጃው አይበቃም» ብሏል። ሰውም ቶሎ አልተቀበለው፤ በ2011 የቀረቡት 7.5 በመቶ፣ በ2014 ደግሞ 15.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከዚህ ቀጠሮ ተአምር የሚጠብቅ ይከፋዋል። በኮሪደሩ ላይ አምፖል የሚቀየርበት፣ ከፌስታሉ ሁለት ኪኒን የሚቀነስበት ሥራ ነው።

ውክልናው

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ታካሚው ካልፈለገ ግን አይነሣም። መናገር ቢያቅትዎት ስለ ሕክምናዎ ማን ይወስንልዎት? በማሽን መተንፈስ ይፈልጋሉ? ከ2016 ጀምሮ ሜዲኬር ለዚህ ንግግር ለብቻው ይከፍላል፤ በዓመታዊው ቀጠሮ ላይ ከተደረገ ታካሚው ምንም አይከፍልም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ነገር ይገርመኛል። ዲሲ አካባቢ ያለ አረጋዊ እድሩን በየወሩ ሳያቋርጥ ይከፍላል፤ አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚህ ይቀበር፣ ሙሾው፣ ንፍሮው፣ ድንኳኑ ታስቦበታል። ከመሞቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ ማን «ይበቃል» ወይም «ቀጥሉ» እንደሚል ግን ሲነሣ «ሟርት ነው» ይባላል። መርዶን እንኳ በማለዳ፣ ሰው ሰብስቦ የሚናገር ሕዝብ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ስለ ሞቱ በደረቁ ሲጠየቅ መደንገጡ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥሩ ነርሶች ከማሽኑ አይጀምሩም። «ቢደክሙ ቃልዎን የሚያደርስልዎት ማነው?» ይላሉ። ይህን የማይመልስ ሰው የለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ተወካይ የሚሰይመው ሰነድ ጠበቃም ኖተሪም አይፈልግም። ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ተወካዩ ራሱ ምስክር መሆን አይችልም፣ ከምስክሮቹም ቢያንስ አንዱ ከውርሱ የማይካፈል መሆን አለበት። አንዲት የ79 ዓመት እናት ምስክር ያደረጉት የእድራቸውን ጸሐፊና አንዲት ጎረቤታቸውን ነው። ተወካያቸው ግን ሁሉም እንደጠበቀው ትልቁ ወንድ ልጅ አልሆነም፤ ትንሿ ሴት ልጅ ሆነች። ነርሷ ምክንያቱን ስትጠይቃቸው «እሱ ያለቅሳል፤ እሷ ትጠይቃለች» አሉ። ሰነዱ ተፈረመ፣ አንድ ቅጂ መዝገባቸው ውስጥ ገባ፣ አንዱ ለልጅቷ ተላከ። ለትልቁ ልጅ ማን እንደሚነግረው ገና እየተመከረበት ነው።